የዋልዳው እንግዳ ድንጋይ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ሞያሌ፣ በኬንያው በኩል፣ አስፋልቱ ዳር ጎማ እለጥፋለሁ፤ ባትሪም ቻርጅ አደርጋለሁ። በዚህ ላይ ደግሞ ድንጋይ እሰበስባለሁ። ይህን ስናገር የሚስቅብኝ ብዙ ነው። «ሰው ከብት ያረባል፣ አንተ ድንጋይ ታረባለህ» የሚለኝ የከባድ መኪና ሾፌር አለ። ሌላው ደግሞ ጎማው እስኪነፋ ድረስ ቁጭ ብሎ፣ «ድንጋይ ዳቦ የነበረበት ዘመን እኮ አልፏል» ይለኛል። በፊት በፊት እበሳጭ ነበር። ቶሎ የምነድ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። አሁን ግን ይሳቁ ብዬ ዝም እላለሁ። ከዚህ ድንጋይ ያገኘሁትን እኔና እናቴ እናውቃለን።

የድንጋይ ሰብሳቢ ማኅበራችን አራት ሰው ነው። የጀመሩት ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ አስተማሪ ናቸው። ከተማው በሙሉ በስዋሂሊው «ምዋሊሙ» ብሎ ነው የሚጠራቸው። አንድ ቀን ሥራ ቦታዬ መጡና ጥቂት የባትሪ አሲድ በጠርሙስ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። «አሲድ ለምንዎት ነው? ሰው ላይ ሊደፉ ነው?» ብዬ ጮህኩባቸው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሽማግሌው ከኪሳቸው አንድ ነጭ ድንጋይ አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡና፣ «በል፣ አንተ ራስህ ጠብ አድርግበት» አሉኝ። ጠብ ባደርግበት ድንጋዩ አረፋ እያወጣ ፈላ። «ይሄ ኖራ አለበት» አሉኝ። ሌላ ነጭ ድንጋይ አወጡ፤ ለዓይን ሁለቱ አንድ ናቸው። እሱ ላይ ብናንጠባጥብ ምንም አላለም። አፈርኩ። ጎማ የሚያስለጥፈውን ሰው ትቼ ሦስተኛው ድንጋይ የት አለ ማለት ጀመርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው በረንዳ ላይ ተገኘሁ፤ ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።

የማኅበሩ ሦስተኛ ሰው ሐጂ ናቸው፤ ከኢትዮጵያው በኩል የመጡ የግመልና የፍየል ነጋዴ። ጎልቦና ኦቦ ወደሚባሉት ቆላዎች ለንግድ በወረዱ ቁጥር በፒክአፓቸው ከፍየሉ ጋር ድንጋይ ጭነው ይመለሳሉ። አራተኛዋ መንገድ ዳር ተቀምጣ ለግንበኞች ጠጠር የምትሰብር ሴት ናት። እዚህ ጠጠሩን ኮኮቶ ስለሚሉት እሷንም ማማ ኮኮቶ እንላታለን። ማንበብ አትችልም። ድንጋዩን በመዶሻ አንድ ጊዜ ኳ አድርጋ ድምፁን ብቻ ሰምታ ግን፣ የት ጋ እንደሚሰነጠቅ ትነግርሃለች። ምዋሊሙ ከመጽሐፍ ፈልገው እስኪያገኙ እሷ ሦስቱን ለይታ ጨርሳለች።

እሑድ እሑድ በእንቁላል ካርቶን የደረደርናቸውን ድንጋዮች እያወጣን እንመረምራለን። በምስማር እንጭራለን፤ ዱቄቱ ምን ቀለም እንዳለው ለማየት የተሰበረ የወለል ንጣፍ ጀርባ ላይ እናሻለን፤ ከአሮጌ የሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታሁትን ማግኔት እናስጠጋለን። ከዚያ ዋናው ጥያቄ ይመጣል፤ ተወላጅ ነው ወይስ እንግዳ? የተገኘበት ቦታ ድንጋይ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ መጥቶ? እዚህ ሐጂ ሁልጊዜ ይስቃሉ፤ «ኪፓንዴ ጠይቁታ!» ይላሉ። ኪፓንዴ መታወቂያ ነው፤ በዚህ መንገድ ኪፓንዴ ያልተጠየቀ ሰው የለምና ሁላችንም አብረን እንስቃለን። ምዋሊሙ ግን ጥያቄውን የምር ነው የሚይዙት። «ድንጋይ እግር የለውም» ይላሉ። «ከቦታው ከራቀ ወይ ውሃ ወስዶታል፣ ወይ መኪና ጥሎታል፣ ወይ ሰው ተሸክሞታል።» ሜዳ ስንወጣም አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ ገልብጠህ ያየኸውን ድንጋይ እንደነበረ መልሰህ ታስቀምጣለህ፣ የተገኘበትም ቦታ ይጻፋል።

አሁን ስለ አባቴ ልናገር። አባቴ የሞተው ዋልዳ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ መንግሥት ሲለወጥ ድንበር ተሻግረን ዋልዳ፣ የስደተኞች ካምፕ ስንገባ እኔ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ትኩሳት ያዘው፤ ሳምንት አልቆየም። በተቀበረ ማግሥት እናቴ እኔን አዝላ ውሃ ለመቅዳት ተሰልፋ ነበር። ካምፑ ሲበተን እኛ ሞያሌ ቀረን፤ እንጀራዋም ልጇም እዚሁ ሆነ። ከሠላሳ ዓመት በላይ አለፈ። እናቴ ይህን አድርግልኝ የምትል ሴት አይደለችም። ዘንድሮ ግን ልብሽ ደክሟል ከተባለች በኋላ፣ በፋሲካ ማግሥት እጄን ይዛ፣ «ዓይኔ ሳይከደን የተኛበትን ባየሁ» አለችኝ።

መቃብሩን ለመፈለግ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ብቻዬን ሄጄ ነበር። እሷ ልምጣ ስትል መንገዱ ለጉልበትሽ አይሆንም እያልኩ ከለከልኳት። የእንጨት መስቀል ነበረው፤ ምስጥ በልቶታል። ጉብታውን ዝናብና ከብት ከመሬት ጋር አስተካክለውታል። የመጀመሪያው ጊዜ ባዶ እጄን ስመለስ፣ «ድንጋይ አድርጌበታለሁ እኮ» አለችኝ። «እማዬ፣ ዋልዳ ላይ ድንጋይ ምልክት ይሆናል? ሜዳው ሁሉ ድንጋይ ነው!» ብዬ አፏን አስያዝኳት። እኔ ከተናደድኩ እሷ ዝም ነው የምትለው።

የፋሲካውን ነገር ለማኅበሩ ነገርኳቸው። ምዋሊሙ ትንሽ አሰቡና፣ «እሑድ ዋልዳ እንውጣ። የዋልዳ ድንጋይ የለንም» አሉ። የዋልዳ ድንጋይ ሁለት ካርቶን ሙሉ አለን። ለምን እንዳሉት ገብቶኛል፤ ያን ዕለት ማመስገን ሲገባኝ ካርቶኖቹን መደርደር ጀመርኩ።

እሑድ በሐጂ ፒክአፕ ሄድን። የቀድሞው ካምፕ ቦታ ቀይ አፈር ነው፤ ላዩ ቀዳዳ በበዛባቸው ጥቁር ድንጋዮች ተሸፍኖ እስከ ዓይን መጨረሻ ይሄዳል። እኔ የመስቀል ስባሪ፣ የጉብታ ቅሪት እየፈለግሁ መሬት መሬት እያየሁ እዞራለሁ። ፀሐዩ አናቴን ያነደዋል። ሁለት ሰዓት ያህል ከዞርኩ በኋላ ማማ ኮኮቶ ከሁለት ግራር ወዲያ ሆና፣ «ምዋሊሙ፣ ንጆ! ሁላችሁም ኑ!» ብላ ተጣራች። ሮጥኩ።

ያገኘችው አንድ ድንጋይ ነው፤ ግማሹ አፈር ውስጥ የተቀበረ፣ ግራጫ ሆኖ ቀያይ ፍሬ ያለበት። ምዋሊሙ በጉልበታቸው ተንበርክከው በማጉያ መስታወታቸው አዩት።

«እንግዳ ነው» አሉ። «የዚህ አገር አይደለም። ውሃ አላመጣውም፣ ወንዝ የት አለ? መኪና አልጣለውም፣ መንገድ የለም። ሰው ነው ተሸክሞ ያመጣው።»

ማማ ኮኮቶ ጊንጥ እንዳይኖር በእንጨት ፈልቅቃ ገለበጠችው። ከሥር ፊቱ ለስልሷል፤ በልስላሴው ላይ የተወቀሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ። በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻቸው። «ይሄን ሰው ነው የመታው። ለመስበር አይደለም፤ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ» አለች።

እኔም ከቆምኩበት አየሁትና የሱቅ ጽሑፍ እንደሚያነብ ሰው፣ «መጅ ነው» አልኩ። «ወፍጮው ላይ እህል የሚፈጩበት፣ በእጅ የሚያዘው።» ሐጂ አጨበጨቡ። ምዋሊሙ ደብተራቸውን አውጥተው፣ የማን አገር መጅ ነው፣ እንዲህ ያለው የት ይሠራል እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ያን ጊዜ ነደደኝ።

«እኔ አባቴን እፈልጋለሁ፣ እናንተ የወፍጮ ድንጋይ ታደንቃላችሁ!» ብዬ ጮህኩና ጥያቸው ወደ መኪናው ሄድኩ።

ከመኪናው ሆኜ ሳያቸው ምዋሊሙ ፎቶ አነሱ፣ ከግራሮቹ ያለውን ርቀት በእርምጃ ለክተው ጻፉ፣ ማማ ኮኮቶም ድንጋዩን እንደነበረ በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው። ሲመለሱ ሐጂ ውሃ ሰጡኝ። እስከ ሞያሌ ድረስ ስለ ፍየል ዋጋ ነበር የሚያወሩት።

ቤት ስገባ እናቴ ሰፌድ ይዛ ምስር ትለቅማለች። ብስጭቴን ተነፈስኩባት፤ ሰዎቹ ሊያግዙኝ ሄደው መጅ አገኘን ብለው ሲጨፍሩ ዋሉ አልኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ምን ዓይነት መጅ?» አለች።

«መጅ ነዋ እማዬ፣ ድንጋይ።»

«ቀይ ፍሬ ያለበት?»

አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ጠርዙ የተሸረፈ?»

ጠርዙን አላየሁትም። ለምዋሊሙ ደወልኩ፤ ወዲያው በዋትሳፕ ፎቶውን ላኩልኝ። ስልኩን ሰጠኋት። ዓይኗ ጋ አስጠግታ አየች፣ አራቀች፣ እንደገና አስጠጋች። ከዚያ ጠርዙ ላይ ጎድሎ የሚታየውን ቦታ በጣቷ ነካችው። «አንተ ነህ የሸረፍከው» አለችኝ። «ደፍ ላይ ጥለኸው። ገርፌህ ነበር።»

ከአገር ሲወጡ ወፍጮው ስለሚከብድ ትታ መጁን ብቻ ይዛ ነበር የወጣችው። አባቴ መንገዱን ሙሉ ሳቀባት አሉ፤ ወፍጮ ሳይኖር መጅ ምን ሊያደርግልሽ ነው እያለ። እሷም፣ «ወፍጮ የትም አለ፤ እጄን የለመደ መጅ ግን የለም» አለችው። እሱ ሲሞት ከዚያ ሌላ የምትሰጠው አልነበራትም። ፊቱን ወደ እሱ አድርጋ ራስጌው ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ እማዬ፣ መጅ መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?» አለች። ቁጣ የለባትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው።

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ፣ ለእያንዳንዱ የመንገድ ድንጋይ፣ ምን ዓይነት ነው፣ ከየት መጣ፣ ማን አመጣው እያልኩ ስጠይቅ ኖሬአለሁ። እናቴ ድንጋይ አድርጌበታለሁ ስትለኝ ግን ምን ዓይነት ድንጋይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ይህን ሳስብ ዛሬም ፊቴን ያቃጥለኛል።

በማግሥቱ የመጁን ነገር ልነግርና ይቅርታ ልጠይቅ ከቤት ቤት ዞርኩ። ማማ ኮኮቶ መዶሻዋን ሳታስቀምጥ ሰማችኝና እዚያው መንገድ ዳር አለቀሰች። ምዋሊሙ ደብተራቸውን አምጥተው የለኩትን እርምጃ አሳዩኝ፤ «እንዳይጠፋ ብዬ ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት» አሉ። እያያችሁ ነው እንግዲህ፣ ስሰድባቸው እንኳ ሁለት ጊዜ ይለኩልኝ ነበር። ሐጂ ይቅርታዬን ሳያስጨርሱኝ፣ «ናፍጣ ሞልቻለሁ፤ ለእናትህ ነገ ይመቻታል ወይስ ከነገ ወዲያ?» አሉኝ። እኔ እንደነዚህ ያሉ ሰዎች የሚገቡኝ ሰው አልነበርኩም። ከእግዜር በታች ለእነሱ ምስጋና አለብኝ፤ በቃል የማይከፈል ስለሆነ እዚህ ልጻፈው።

እናቴን ከፊት ወንበር፣ ከጉልበቷ ሥር ትራስ አድርገን ወሰድናት። ከመኪናው ወርዳ በአንድ በኩል እኔን፣ በሌላው ማማ ኮኮቶን ተደግፋ ሄደች። ምዋሊሙ ደብተራቸውን እያዩ ከፊት ከፊታችን እርምጃ ይቆጥራሉ። ደረስን። እናቴ ድንጋዩን አየችው። ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠችና፣ «መጣሁ እኮ» አለችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ሰው የሞተበት እንደሚለብሰው።

እኔ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ቆሜ ቀረሁ። ማማ ኮኮቶ ግን አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ከዘራቸውን አጋድመው ተቀመጡ። ምዋሊሙም ጉልበታቸውን ይዘው በብዙ ችግር ተቀመጡ። ለቅሶ እየተቀመጡላት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። በካምፑ ጊዜ ለእናቴ ለቅሶ የተቀመጠ አልነበረም፤ ሁሉም የየራሱ ሬሳ ነበረው፣ የየራሱ የውሃ ወረፋ ነበረው።

ብዙ ቆይተው ሐጂ፣ «ረቢ ሲ ሃጀጀቤሱ፣ እህቴ» አሏት፤ አምላክ ያጽናሽ ማለታቸው ነው። ማማ ኮኮቶ፣ «ፖሌ ማማ፣ ፖሌ ሳና» ብላ በስዋሂሊ አጽናናቻት። ምዋሊሙ ለዚህ ቀን መንገድ ላይ ሲለማመዱት በመጡት አማርኛ፣ «እግዜር ያጽናሽ» አሉ። እናቴ አንገቷን እንደደፋች ለእያንዳንዳቸው፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«አንተስ?» አለች።

አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ለእናቴ ይህን ቃል ብያት አላውቅም። ከፊቷ ተቀመጥኩና፣ «እግዜር ያጽናሽ፣ እማዬ» አልኳት።

እጇን አናቴ ላይ አደረገች። «አንተንም ያጽናህ፣ ልጄ» አለችኝ። «ላንተም እኮ ይህን ቃል ያለህ ሰው አልነበረም።»