ዳማው ለለቅሶ ሲመጣ

ዳንግላ መንገድ ዳር ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ጋሪ አጠገቤ ቆመ። የፈረስ ላብና የእርጥብ ቆዳ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው በሐሳቤ ወደ እንጅባራ፣ ወደ አባቴ ለቅሶ ተመለስኩ።

አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ታሞ ሲተኛ ዳማ ፈረሱ ለዳንግላ ባለጋሪ ተሸጠ። እኛ ዘንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ተሸልሞ፣ ሰው ሳይቀመጥበት በለቅሶው መሀል ይሳባል። ስለዚህ አጎቴ ዳማውን ሊዋስ ዳንግላ ሄደና በአይሱዙ ጭኖት መጣ። ባለጋሪውም አብሮ መጥቶ በአገውኛ ሙሾ ከእኛ እኩል አለቀሰ። ለቅሷችን አንድ ነው፤ የሚለየው ፈረሳችን ነው፤ የእኛው ይጋለባል፣ የእነሱው ጋሪ ይጎትታል።

ዳማውን ሳየው አላወቅሁትም። ደረቱን የጋሪው ማሰሪያ ልጦት ቀይ ሥጋው ይታያል፤ ቁስሉ ላይ ዝንብ ሰፍሯል። አጎቴ ኮርቻውን ሊጭን ሲጠጋ ፈረሱ ተሸማቀቀ።

"ተው ወንድሜ፣ አትሸልመው" አለች እናቴ። "የራሱን ሐዘን ለብሶ ነው የመጣው።"

ልጅ ነበርኩና ምን እንደለበሰ ለማየት ዙሪያውን ዞርኩት።

አጎቴ ኮርቻውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ከዳማው ጎን ሄደ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን ባለጋሪው አንገቱን ደፍቶ እናቴ ፊት ቆመ።

"እትዬ፣ ነገ እኛ ጋ ገበያ ነው።"

የዳማውን ገመድ አቀበለችው።

"እህት፣ ትሳፈሪያለሽ?" አለኝ አሁን አጠገቤ ጋሪውን ያቆመው ልጅ።

ቀና ብዬ የዚህኛውን ፈረስ ደረት አየሁ። ዝንቡ እዚያው ቦታ ላይ ሰፍሯል።