የበረዶ ሜዳው ገላጋይ

ትናንት የልጄን የበረኛ ጓንት ሂተሩ ላይ ሳሰጣው፣ ያ ላብና ጎማ የተቀላቀለበት ሽታ ሠላሳ ዓመት ወደኋላ ጎትቶ ለንደን፣ ፊንስበሪ ፓርክ ሰፈር አወረደኝ፤ እናቴ አዲስ አበባ ቪዛ ስትጠብቅ እኔና አባቴ ብቻችንን ወደምንኖርበት፣ ግድግዳው ወደሚያልበው ባለአንድ መኝታ ፍላት።

አባቴ አገር ቤት የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ለንደን የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ አንድም ጓደኛ ያልነበረኝ የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጅ ነበርኩና፣ ትምህርት ቤት የበረዶ ሆኪ በነፃ ነው ሲሉ ፎርሙን አስፈርሜ ገባሁ። አባቴ ዱላዬን አገላብጦ አየና «ይሄማ የኛው ገና ነው! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!» ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ የምንጫወትበት የበረዶ አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ይሰየም ጀመር።

ወይ አባቴ! አንድ ቅዳሜ የሌላው ቡድን ልጅ ከሜዳው አጥር ጋር አጋጭቶኝ፣ እኔም ዱላዬን ጥዬ ሹራቡን ጨምድጄ ስንተናነቅ፣ ዳኛውን ቀድሞ የደረሰው እሱ ነው። ሰው ሲጣላ ቆሞ ማየት ነውር ነው ተብሎ ያደገ ሰው፣ በአጥሩ ትንሿ በር ገብቶ፣ በረዶው ላይ በቆዳ ጫማው «ኧረ በገላጋይ! ኧረ በማርያም!» እያለ፣ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተነስቶ መሃላችን ገባ፤ አጨባበጠን፣ የዚያንም ልጅ ግንባር ሳመው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከቡድናችን አንዱ «አባትሽ ነው?» ሲለኝ በእንግሊዝኛ «አይደለም፣ ጎረቤታችን ነው» አልኩት። አባቴ ቦርሳዬን ይዞ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እንግሊዝኛ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እሱ ያውቃል።

አውቶቡስ ውስጥ እንደወትሮው ሙዝ ልጦ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እስከ በሩ አድርሶኝ ፌርማታው ላይ ይጠብቀኛል። «ውስጥ ይበርዳል» ይላል፣ ውጭ ዝናቡ እየወረደ። ግባ ልለው እልና አፌ ላይ ይቀራል።

ያ ዓመት ደግሞ ጉድ ነበር። የሰፈሩን ዋንጫ በላን፣ የከተማውን ደገምን፤ እኔም የመጀመሪያ ጎሌን፣ ቀጥሎም በአንድ ጨዋታ ሦስት አገባሁ። ባገባሁ ቁጥር ሌሎቹ ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ዱላ ሲያውለበልቡ እኔ ዓይኔን የማሳርፍበት አልነበረኝም። የዓመቱን የመጨረሻ ፍጻሜ ስናሸንፍ ወላጆች በቀይ ምንጣፍ እየገቡ ለየልጆቻቸው ሜዳሊያ አጠለቁ፤ ለእኔ የበረኛችን እናት አጠለቀችልኝ። «አባቴ ውጭ ነው፣ ጥሩልኝ» ማለት ምን ነበረበት!

ስወጣ ጃንጥላ ይዞ ቆሟል። «አሸነፋችሁ?» አለኝ። አዎ ስለው ጃንጥላውን መሬት ላይ ጥሎ በዝናቡ ውስጥ ብቻውን ያጨበጭብልኝ ጀመር፤ «ጎበዝ የኔ ልጅ! ጎበዝ!» የቆሙት ሰዎች ዞረው አዩን። እኔም ሁለት እርምጃ ራቅ አልኩ። ጭብጨባውን አቋረጠና፣ ሳይጠጋኝ፣ ክንዱን ዘርግቶ ጃንጥላውን እኔ ላይ ያዘልኝ።

ካደግኩ በኋላ፣ ዩኒቨርሲቲ ስመረቅ፣ አዳራሹ ውስጥ ወንበር ይዤለት «አባዬ፣ በሞቴ ግባ» ብዬ እጁን ጎተትኩት። «አይ፣ አንቺ ግቢ፤ እኔ እዚሁ አለሁ» አለኝ፣ እየሳቀ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀበርኩት። ዛሬም ከየትኛውም አዳራሽ ስወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሚያየው ፌርማታውን ነው። የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም፤ እኔን የሚጠብቅ ግን የለም።