ባሕር የተሻገረው ሐረግ

ወላይታ ውስጥ ሻንቶ ከተማ መምህር ሆኜ ስመደብ ጓሮ ያለችውን ክፍል ያከራዩኝ ወይዘሮ ቦሼ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ምላሳቸው እንደ ዳጣ የሚያቃጥል፣ ግን ደጃቸውን የረገጠውን ሳያበሉ የማይሸኙ ሴት ነበሩ። እኔ ሰው ቶሎ አላደንቅም። እሳቸውን ግን አለማድነቅ አቃተኝ።

የ1992ቱ በልግ ሳይዘንብ ቀረ። ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረጉ ነው፤ ሐረጉ ከደረቀ ዝናብ ቢመጣም የሚተከል የለም። የሰፈሩ ሰው ግን ምን ያድርግ? ከብቱ ሲራብበት ያለውን ሐረግ አጭዶ አበላ። ወይዘሮ ቦሼ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ያለችውን አንዲት መደብ በእሾህ አጠሩ። ከሌባ እንዳይመስላችሁ፤ ከገዛ ላማቸው ከቦራ ነው። የእጅና የዕቃ እጣቢ ሳይቀር እዚያች መደብ ላይ ይፈሳል። እኔም ፊቴን የምታጠበው እዚያው ቆሜ ሆነ።

ቦራ አጥንቷ ወጣ። የእንሰት ቅጠል ቢሰጧትም አልበቃት አለ። አጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ስትጮህ እሳቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። ጎረቤታችን አቶ ዳልጮ አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"አንቺ ቦሼ፣ ይሄ ምን ዓይነት ጭካኔ ነው? ሐረጉን ስጫትና እስከ ዝናብ ትድረስ!"

"ከዚያስ? ዝናቡ ሲመጣ ምን ልትተክል ነው፣ ጭራዋን?"

ሳቅን። በሳምንቱ ቦራ ሞተች። ወይዘሮ ቦሼ አላለቀሱም፤ እጣቢያቸውን ይዘው ወደ መደቧ ሄዱ።

ዝናቡ ዘግይቶም ቢሆን መጣ። እሾሁን አነሱና ሐረጉን እየቆረጡ ለመጣው ሁሉ ሰጡ። የሚተከል ነገር ለጎረቤት ይሰጣል እንጂ አይሸጥም ባይ ናቸው። አቶ ዳልጮ አፍረው ቢቀሩ፣ ወይዘሮ ቦሼ ራሳቸው ተሸክመው ደጃቸው ድረስ ወሰዱላቸው። በዚያ ዓመት መንደሩ የበላው ከዚያች መደብ ነው።

የራሳቸውን ስንተክል እያገዝኳቸው ክፍል ውስጥ የማስተምረውን አነሳሁባቸው። "ስኳር ድንች እኮ የወላይታ አይደለም። ከውቅያኖስ ማዶ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች እጅ የወጣ ነው። በቆሎውም፣ በርበሬውም።"

"መምህር፣ በርበሬውን እንኳ ተውልን!"

አልተውኩም። ሥሩ በመርከብ ተጭኖ ወደ አፍሪካ ዳርቻ መድረሱን፣ በዚያው ባሕር ላይ አፍሪካውያን በሰንሰለት ታስረው ወደ ማዶ መጋዛቸውን፣ እኛ ጋ በማን እጅ እንደገባ ግን መጽሐፌ እንደማይነግረኝ አወራሁ። እሳቸውን የያዛቸው ሌላ ነገር ነበር።

"ሥሩን ያመጡት መርከበኞች ያን ያህል ጊዜ ባሕር ላይ ሲከርሙ አልራባቸውም?"

"ተርበዋል እንጂ። በረሃብ ያለቁም አሉ።"

"ታዲያ ሥሩን እንዴት ሳይበሉት ቀሩ?"

"አንድ ሰው ጠብቆት ይሆናላ።"

"ስሙ ማነው?"

"ማንም አልጻፈው፣ እማማ።"

መቆፈሪያቸውን ጣሉ። ለቦራ ያልፈሰሰው እንባ ያኔ ፈሰሰ። እርጥቡ መሬት ላይ ተንበርክከው ጸለዩ፦ "ጌታ ሆይ፣ ስሙን አንተ ታውቃለህ። እሱም የራሱ ቦራ ሞታበት ይሆናል። ካሰው።"

እኔ ጸሎት ሲረዝም የምቁነጠነጥ ሰው ነኝ። ያን ዕለት ግን አጠገባቸው ተንበርክኬ አሜን አልኩ።