የርክርክ አባት ስም

መቼ እንደነበር በውል አላስታውሰውም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ገብሱ ታጭዶ ጤፉ ገና ነበር። በመሬት ድልድሉ ስብሰባ ላይ አጉረምርመሃል ብለው ከይፋግ አመጡኝና ደብረ ታቦር አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። ግድግዳው ኑግ ኑግ ይሸት ነበር።

እዚያ ያገኘሁት አንድ እስረኛ ብቻ ነው፤ በቀድሞው ጦር የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ጥሩምባ ሲነፋ የኖረ ሰው። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው በር ላይ ተቀምጦ ቴፑን ይከፍታል። አንድ ቀን ዘፋኝ የሌለበት ድምፅ መጣ፤ እንደ ሰው የሚያቃስት፣ ደግሞ የሚስቅ። ቆሜ ቀረሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ሳክስፎን ነዋ፣ መሪጌታ! ጃዝ ይሉታል።» ድጓ ጀምሬ መተዌን ከነገርኩት ወዲህ እንዲህ እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

የኔ ትምህርት ፊደልና ያቺው ቁራጭ ድጓ ናት። ቢሆንም ዜማውን በማውቀው ልጽፈው ተነሣሁ። የሳሙና ካርቶን ገለበጥኩ፤ ቃል ስለሌለው «ሉ» እና «ላ» ብቻ ደርድሬ በላያቸው የዜማ ምልክት ጣልኩ። ዘበኛው በቀን አንዴ ብቻ ነው የሚያጫውተው። ያመለጠኝን ያ ሰው በፉጨት ይመልስልኛል። «ኧረ እዚች ላይ ትወድቃለች እንጂ አትነሣም!» ይለኛል። ከሳምንት በላይ ፈጀብን።

ካርቶኑ በፍተሻ ተገኘ። መርማሪው ኮሌጅ ገብቼ ወጥቻለሁ ይል ነበር። መግባቱን እንጃ፣ መውጣቱ ግን ያስታውቃል።

«ይኼ የሚስጥር ጽሑፍ ነው። ነጠብጣቡ ምንድን ነው?»

«ርክርክ ነው።»

«ርክርክ ማን? የአባቱ ስም?»

ሳቄን ዋጥኩት። «የዜማ ምልክት ነው ጌታዬ። ይኼኛው ድፋት፣ ያኛው ደረት።»

ሦስቱንም እንደ ሰው መዘገባቸው። እስከ ዛሬ ሲፈለጉ ይሆናል።

«ያ የደርግ ወታደር ነው ያስተማረህ አይደል? ስሙን ጽፈህ ፈርም፤ ነገ ቤትህ ትገባለህ።»

ቤቴን አሰብኩ። ያ ሰው ግን ከጻፍኩበት ወዴት እንደሚወስዱት አይጠፋኝም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለስኩና ካርቶኑን ሳላይ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አዜምኩለት። ዘበኛው በበሩ ብቅ አለ።

«እንዴ! ይኼማ የኔ ካሴት ነው!»

መርማሪው ካርቶኑን ቀደደ፤ ካሴቱንም ለማስረጃ ወረሰ። እኔ ቤቴ የገባሁት ከብዙ ወራት በኋላ ነው።

አሁን ሸምግያለሁ። ከብት ውኃ ሳጠጣ ያን ዜማ አንጎራጉራለሁ፤ እዚያች ላይ ስደርስ እወድቃለሁ እንጂ አልነሣም። ያኔ አልጽፍም ያልኩትን ስም ዛሬ ማንም ሳያዘኝ ልጻፈው፦ ፈንቴ ይባል ነበር።