ከዜሮ ወዲያ

የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩን ወልውላ ሳትጨርስ ሰውየው ደግሞ ረገጠው። ጃኬቱን ገልብጦ ለብሷል፤ የልጅ የሒሳብ ደብተር ይዟል። የተሰነጠቀችው ሴራሚክ ላይ ቆሞ "ዜሮ" ይልና ሦስት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ፊት ቆጥሮ ይመለሳል። አንዴ ወደ ፊት ቀድሞ ቢራመድ፣ "መጀመሪያ አግድም" ብሎ ራሱን ተቆጣ።

"ጋሼ፣ አረፍ ይበሉ እንጂ።"

"ልጄ ትናንት ይህን የግራፍ ትምህርት አስረዳኝ ስትለኝ፣ አላውቀውም ለማለት አፍሬ ጮኽኩባት። ከኦፕራሲዮን ስትወጣ አስረዳታለሁ።"

"በግራ፣ የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር አጠገብ ወንበር አለ።"

"ግራው ከዜሮ በታች ነው። ዛሬ ወደዚያ አልሄድም።"

ወዲያው የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ተከፈተና፣ "የልጅቷ አባት" ተባለ።

ሰውየው አንዲት ሴራሚክ ሳይቆጥር ወደ ግራ ሮጠ።