ጥያቄው የዱቡሻው ነው

ፖሊሶች ከገረሴ ሲያወርዱኝ ጉም ነበር። ፒካፑ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ተራራው ቀስ እያለ ወደ ሰማይ ሲመለስ፣ ታች ደግሞ የጫሞ ሐይቅ እንደ ተሰጣ ጋቢ ሲያበራ እያየሁ መጣሁ። የታሰርኩ አልመሰለኝም። እንቅልፍ የወሰደኝ ነው የመሰለኝ።

ጥፋቴ በዱቡሻ መናገሬ ነው። ዱቡሻ እኛ ጋ ሰው ሁሉ ተቀምጦ የሚመክርበት ሜዳ ነው። እዚያ ተነስቼ፣ ምክር ቤታችን ራሱ ሕዝበ ውሳኔ ያድርግ፣ እንዴት እንደምንተዳደር እኛው ድምፅ እንስጥበት አልኩ። ሰዉ መከረበት፣ ተስማማ፣ ተመራርቀን ተለያየን።

አርባ ምንጭ ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው። የሐይቁ ነፋስ በመስኮቷ ሲገባ ግን ግድግዳው ራቅ የሚል ይመስለኝ ነበር። ካቦአችን፣ የእስረኞቹ አለቃ፣ የጫሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። ነፋሱን እያሸተተ ዛሬ ጀልባዎቹ ቀንቷቸዋል፣ ዛሬ ባዶ ናቸው ይለናል። እውነት ይሁን ውሸት ማን ያውቃል።

አንድ ቀን ከሰዓት ጉዳዬን የያዘው መርማሪ ራሱ በር ላይ መጣ። ባለቤቴ ውጭ ቆማ እየጠበቀች መሆኑን ነገረኝ።

«አባቴ፣ ጥያቄውን ትቼዋለሁ ይበሉና አሁኑኑ ይዘዋት ይግቡ።»

በትሕትና ነው ያለው። ልቤ እቤት ደርሶ ተመለሰ።

«ልጄ፣ ዱቡሻ ያነሳውን የሚጥለው ዱቡሻ ነው። እኔ ብቻዬን አልችልም።»

«ታዲያ እዚህ ዱቡሻ ከየት ላምጣልዎ?»

ካቦው ከጥግ ሆኖ፣ «ሜዳው ጠበበ እንጂ ሰውስ ሞልቷል» አለ። ተሳቀ።

ባለቤቴ ምሳ የጠቀለለችበት የኮባ ቅጠል አጠገቤ ነበር። ሽማግሌ ሲመርቅ የሚይዘው እርጥብ ሳር ስለሌለ እሱን ያዝኩ። እስረኞቹ ተቀመጡ። መረቅኩ፣ አሜን አሉ። በየተራ ተናገሩ። ብዙዎቹ ሚስትዎ ታሳዝናለች፣ ይግቡ አሉኝ። መጨረሻ ካቦው ተነሳ።

«አባባ፣ ቢገቡ ደስ ይለኛል። ግን ጥያቄው የገረሴ ሰው ንብረት ነው። የሰው ጀልባ እኛ እንዴት እንሸጣለን?»

አንድ በአንድ፣ ልክ ነው አሉ።

ቅጠሉን ከፍ አድርጌ የመዝጊያውን ምርቃት መረቅኩ፤ መርማሪውንም ጨምሬ፣ ልጆችህ ይደጉልህ አልኩት። ኮፍያውን አውልቆ ቆሞ ነበር። ቀስ ብሎ አሜን አለና በሩን ዘጋ።

በኋላ ለቀቁኝ፣ ጥያቄውን ትቼዋለሁ ሳልል። ድምፅ ስጡ ብሎ የመጣ እስከ ዛሬ የለም። ዱቡሻው ሲሰበሰብ ግን ጥያቄው ቦታውን አልለቀቀም። እኔም ሄጄ አጠገቡ እቀመጣለሁ።