በመዳፌ መዝኜ የገዛሁት እርሳስ

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሚስቴን ከቀበርኩ ወዲህ ራሴ አበስላለሁ፣ ከምኖርበት ሮማ በባቡር ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ይህንንም ፊደል እየለቀምኩ ራሴ እጽፋለሁ። የጣልያን ጽሑፍ ግን አይገባኝም።

አስመራ ያደገው የልጄ ባል አጋዘን የሚያድነው ባሩዱንና ጥይቱን በአፈሙዙ በኩል በሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ጥይት መራጩ እኔ ነኝ።

በደርግ ጊዜ ባሌ ክፍለ ሀገር ሳለሁ፣ ገበሬ ማኅበሩ መሣሪያ ሲሰበስብ፣ የአያቴን አፈሙዝ ጎራሽ አይተው ሳቁና ተዉልኝ። በእሱ አንድ አጋዘን በቀላል የእርሳስ ጥይት መታሁ። ቆስሎ ጫካ ገባ፣ ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ከዚያ ወዲህ ከከባድ በቀር አልገዛም።

ዛሬም እዚህ ሮማ ከባዱን በመዳፌ መዝኜ ገዛሁ። ሻጩ የጠመንጃውን በርሜል ስፋት ቢጠይቀኝ ተቆጣሁት።

ተኩስ መለማመጃው ጋ የልጄ ባል ሲያጎርሰው እርሳሱ በርሜሉ መሃል ተቀረቀረ።

"ተኩሰው፣ ይወጣል" አልኩ።

"አባባ፣ እንዲህ ከተተኮሰ እኮ በርሜሉ ይፈነዳል። አሎራ፣ ታዲያ የጥይቱ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ስፋት አንብበውታል?"

ልዋሽ ነበር። እጁን በርሜሉ ላይ አየሁት።

"አላነበብኩም። ጣልያንኛ ማንበብ አልችልም" አልኩት። ይህን ስንት ዓመት ደብቄው ነበር። ደክሞኛል።

እናንተስ ባለማወቃችሁ አፍራችሁ ሰው ልታስጎዱ የደረሳችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ።

የተቀረቀረውን ራሴ አወጣዋለሁ። ሻጩን ራሴ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለልጄም ራሴ እነግራታለሁ፤ ማንም እንዳይቀድመኝ።